መርፌ ከሸምበቆው ጠፋች

እትዬ ጆሮ ያን ሰሞን እግራቸው አላርፍ አላቸው። ሳሎን ገብተው ይቀመጣሉ፣ ወዲያው ይነሳሉ። በረንዳ ይወጣሉ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ቁልቁል መንገዱን ያያሉ፣ ምንም እንዳላዩ ሆነው ይመለሳሉ። ስልካቸውን ከፍተው ይዘጉታል፣ ዘግተው ይከፍቱታል። ሙቀቱም አላገዛቸውም፤ በጋው ገና ከመግባቱ ግድግዳው ሁሉ እንደ በሽተኛ ግንባር ማተኮስ ጀምሯል። ልጃቸው ግን ነገሩ የሙቀት እንዳልሆነ ታውቃለች። እናቷን እንዲህ የሚያቁነጠንጣቸው በዓለም ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ወፍ ነው።

"ዛሬም የለችም?" አለቻቸው፣ ወደ ሥራ ለመውረድ ጫማዋን እያጠለቀች። ሕንፃው ምድር ቤት ላይ ፀጉር ቤት አላት።

"የለችም።"

"ነገ ትመጣ ይሆናላ፣ እማዬ።"

"ወፍ እንዳንቺ ደንበኞች ቀጠሮ የምታፈርስ መሰለሽ? ይሄኔ እኮ ሸምበቆው በጩኸቷ መናወጥ ነበረበት። ጭጭ ብሏል! ሬሳ ቤት በይው።"

"እትዬ ጆሮ" የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ሰው ቁጥር ነግሮ "ያገናኙኝ" ይል በነበረበት ዘመን፣ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው የከተማውን ሰው እርስ በርሱ ሲያገናኙ ኖሩ። ደዋዩ አፉን ሳይከፍት በአተነፋፈሱ ብቻ ማን እንደሆነ ይለዩት ነበር ይባላል። ይህን የሚሉት በአብዛኛው ራሳቸው ናቸው፤ ቢሆንም ውሸት ነው ብሎ የተከራከራቸው የለም። ጡረታ ሲወጡ ያ ሁሉ ጆሮ ሥራ ፈታና ግድግዳ እያለፈ የጎረቤት ትዳር ውስጥ መግባት ጀመረ። ልጃቸው ነገር ሳይመጣባት በፊት ነው ወስዳ የወፍ ተመልካቾች ማኅበር ውስጥ የዶለቻቸው።

የማኅበሩ ሥራ ቀላል ነው። እያንዳንዱ አባል የራሱ ክልል አለው። በጋውን ሙሉ በየጠዋቱ ክልሉን ይዞርና ያየውን የሰማውን ወፍ በስልክ ግሩፑ ላይ ይጽፋል። "ጭልፊት፣ አንድ፣ ከድልድዩ በላይ።" "ግንደ ቆርቁር፣ ጥንድ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ።" ሌላው አይቶ ያደንቃል፣ ይቀናል፣ ይጠይቃል። ሰው ክልል ውስጥ ሳይጠሩ መግባት ግን ነውር ነው፤ የሰው ማዕድ ቤት ገብቶ ድስት ከመክፈት አይለይም። ብርቅ ወፍ አየሁ ያለ ሰው ደግሞ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ወይ ፎቶ፣ ወይ አብሮት ያየ ሰው። ወፏ የለችም ላለ ሰው ግን ማንም ማስረጃ ጠይቆት አያውቅም። የሌለ ነገር እንዴት ፎቶ ይነሳል? ጉዱ ሁሉ የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው።

የእትዬ ጆሮ ክልል ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ያለው ረግረግ ነው። እዚያ ሸምበቆው ውስጥ በጋ በመጣ ቁጥር አንዲት አውራ ጣት የምታህል ቡናማ ወፍ ትሰፍራለች። መጽሐፉ ላይ ረጅም ስም አላት፤ ግሩፑ ግን "መርፌ" ይላታል፣ ድምጿ ከመቅጠኑ የተነሳ ጆሮ ውስጥ ጭው ብሎ ስለሚገባ። ሸምበቆ መስላ ሸምበቆ ውስጥ ስለምትውል በዓይን የሚፈልጋት የለም፤ የምትገኘው በድምጿ ነው። እትዬ ጆሮም አንገታቸው ላይ መነጽር አንጠልጥለው የሚዞሩትን አባላት "እናንተ ዓይናሞች" እያሉ ሲያሾፉባቸው ኖረዋል። መርፌን መስማት የእሳቸው ድርሻ ነበር። ግሩፑ በየዓመቱ በጋ መግባቱን የሚያምነው እሳቸው "መርፌ መጣች" ብለው ሲጽፉ ነው።

ዘንድሮ ታዲያ ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ አልመጣችም። በጠዋት ወጥተው ሸምበቆው ዳር ይቆማሉ፤ እንቁራሪቱን ይሰማሉ፣ አውቶቡሱ ማርሽ ሲቀይር ይሰማሉ፣ ማዶ ሰዎች ሲጨቃጨቁ የጠቡን መነሻ ሳይቀር ይሰማሉ። መርፌ የለችም። በመጨረሻ ጻፉት። "መርፌ ዘንድሮ የለችም። ጠፍታለች።"

ግሩፑ ተተራመሰ። አንዱ የሚያለቅስ ፊት ላከ፣ አንዷ "ልቤ ተሰበረ" አለች። ሰብሳቢው የቀድሞ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ነገር ያለ ምክንያት አይሆንም የሚሉ ሰው። "እትዬ፣ እርስዎ የለችም ካሉ የለችም። ዘንድሮ ረግረጉ አካባቢ ምን አዲስ ነገር አለ?" ብለው ጠየቁ።

አዲስ ነገርማ አለ። አዲሱ ነገር ከእሳቸው ጋር አንድ ጣራ ሥር ነው የሚያድረው።

የልጃቸው ባል የማዘጋጃ ቤቱ የትንኝ መድኃኒት ረጪ ነው። በኮንትራት የተቀጠረው ዘንድሮ፣ ትንኙ ሰፈሩን አላስቀምጥ ካለ በኋላ ነው። መርጫውን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ረግረጉንና ቦዩን ሲዞር ይውላል። ዝምተኛ ሰው ነው። እትዬ ጆሮ ሲያመሰግኑት "ልጄ" ይሉታል፣ ሲቆጡት ደግሞ "ያ ሰውዬ"። ያን ቀን ማታ ራት ላይ "ያ ሰውዬ" ሆኖ ነበር።

"ለመሆኑ ያ መድኃኒታችሁ ወፍ ይገድላል?" አሉ፣ ሾርባቸውን እያማሰሉ።

አማቻቸው ማንኪያውን አስቀመጠ። "ለእጭ ነው እማማ። ውሃ ላይ ለሚፈለፈለው።"

"ሸምበቆው ውስጥስ?"

"ሸምበቆው ውስጥ አንረጭም። ክልክል ነው፣ ምልክት ተደርጎበታል። ቦዩ ላይና የታቆረው ውሃ ላይ ብቻ ነው የምረጨው።"

"ንፋሱ ምልክታችሁን አንብቦ ይመለሳል ማለት ነው?"

"እማዬ!" አለች ልጃቸው። "በናትሽ ብይበት። ደግሞ ማይክሮዌቩ ሲጮህ አትሰሚም እንዴ? ሩዙ ተቃጠለ እኮ።"

"የምን ጩኸት? ያ ማይክሮዌቭ ከተበላሸ ቆየ። የዘንድሮ ዕቃ ሁሉ ድዳ ነው።"

ባልና ሚስት ተያዩ፤ ነገር እንዳይከር ብላ ልጃቸው ሩዙን ልታወጣ ተነሳች። እትዬ ጆሮ ግን ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩና ሲነጋ ጻፉ። "አዲሱ ነገር ርጭቱ ነው።" የማን ርጭት እንደሆነ አልጻፉም። ሰፈሩ ግን ያውቃል፤ መርጫውን አዝሎ የሚዞር ሰው ሲያልፍ የሚስተው ዓይን የለም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጃቸው ወጣ። ሰብሳቢው ማዘጋጃ ቤት ድረስ ሄደው አመለከቱ። ፊርማ ተሰበሰበ። አንዱ አባል የወፏን ሥዕል ሠርቶ "መርፌን ማን ገደላት?" ብሎ አደባባዩ ላይ ለጠፈ። ማዘጋጃ ቤቱም ጩኸት ሲበዛበት ርጭቱን አቆመና ኮንትራተኞቹን "ነገሩ እስኪጣራ እቤታችሁ ቆዩ" አላቸው። ነገር እስኪጣራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ኮንትራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

አማቻቸው ቤት ዋለ። ሥራ የለመደ ሰው ቤት ሲውል ቤቱ ይጠብበታል። የተፈታ ብሎን ያጠብቃል፣ ያጠበቀውን መልሶ ያያል። እሱ በረንዳ ሲወጣ እትዬ ጆሮ ይገባሉ፤ እሱ ሲገባ እሳቸው ይወጣሉ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ፊት ለፊት ተገናኙና ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፋቸው። "እንደምን ዋሉ፣ እማማ" ማለቱን አልተወም። ይኸው "እማማ" ማለቱ ነው የከነከናቸው። ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። ትንኙ ደግሞ ያሻውን ሆነ፤ ሰፈሩ በሙሉ ቆዳውን እየፎከተ የወፍ ወዳጆቹን ይራገም ጀመር።

እትዬ ጆሮ ልክ ነኝ ይላሉ፣ ልክ መሆናቸው ግን እንቅልፍ አልሰጣቸውም። በየጠዋቱ ወደ ሸምበቆው ይሮጣሉ። ርጭቱ ቆሟል፤ አሁን ትመጣ ይሆን? የለችም። አገር ምድሩን የሚያውቅ ጆሯቸው ምንም አላመጣላቸውም።

ልጃቸው የፈነዳችው ፀጉር ቤቱ ዝግ በሆነበት ቀን ነው። ባሏ ፊት መጣላት ስላልፈለገች እናቷን ተከትላ ረግረጉ ድረስ ሄደች። ፀሐይዋ ገና ለጋ ነበረች፤ ሸምበቆው እርጥብ እርጥብ ይሸታል። እትዬ ጆሮ እንደ ወትሯቸው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ማዳመጥ ሊጀምሩ ሲሉ ልጃቸው ፊታቸው ተገተረች።

"እማዬ፣ ልንሄድ ነው።"

"የት?"

"ወንድሙ ጋ። እዚያ ከተማ ሥራ አለ ብሎታል። ፀጉር ቤቱን አስረክቤ እንሄዳለን።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ወፎችሽ አሉልሽ።"

"እንዲህ ይባላል ለእናት?"

"ምን ልበልሽ ታዲያ? ሸምበቆ ውስጥ አልረጨሁም አለሽ። አንድ ጊዜ ዋሽቶሽ ያውቃል? ስንት ዓመት አብሮሽ ኖረ፣ አንድ ጊዜ? ሰፈሩ ወፍ ገዳይ ብሎ ስም አወጣለት። ትናንት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ፣ ሲያሾፉበት። እና አንቺ ..." ልጃቸው ንግግሯን አቋረጠችና ፊቷን አጨማደደች፣ እጇንም ጆሮዋ ላይ አደረገች። "ኧረ ይሄ ነገር ምንድን ነው? መናገር አልቻልኩም እኮ!"

"የቱ ነገር?"

"ይሄ የሚጮኸው።"

"እንቁራሪቱ ነው?"

"የምን እንቁራሪት! ይሄ ቀጭኑ ነዋ። ጭው የሚለው። እዚህ፣ እዚህም፣ እዚያም ማዶ አለ። ጆሮ ይበሳል እኮ፣ አትሰሚም?"

እትዬ ጆሮ መጀመሪያ የመጣባቸው ንዴት ነው። ባሏን ለማዳን ብላ ነው አሉ በልባቸው። እኔኑ ልታታልለኝ! እኔን በጆሮ! "ተይ ልጄ" አሉ። "በዚህ እንኳ አትቀልጂብኝ።"

ልጃቸው አልቀለደችም። ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ እየተከተለች ሁለት ሸምበቆ በእጇ ገለጥ አደረገችና "ይቺው!" አለች በሹክሹክታ።

እትዬ ጆሮ ጠጋ አሉ። ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ሸምበቆው ወገብ ላይ፣ አንዲት ቡናማ ወፍ ተለጥፋለች። አንገቷን ወደ ላይ ሰግጋ መንቆሯን በሰፊው ከፍታለች። ጉሮሮዋ ይርገበገባል፤ ላባዋ ከላይ እስከ ታች ይንቀጠቀጣል፤ ያቺ ሚጢጢ ሰውነት ባላት አቅም ሁሉ ትዘፍናለች። እትዬ ጆሮ የሰሙት ሸምበቆው በንፋስ ሲንሿሿ ብቻ ነው። ወፏ መንቆሯን ዘጋች፣ ዙሪያዋን አየች፣ እንደገና ከፈተች። አሁንም ምንም።

በደንብ እንዲሰሙ እስትንፋሳቸውን ያዙ። ሻሻቸውን ከጆሯቸው ላይ ገፈፉት። አንደኛውን ጆሮ አዙረው ሰጧት፣ ቀጥለው ሌላኛውን። ወፏ ፊታቸው ላይ እየጮኸች ነው፤ ለእሳቸው ግን መስኮት የተዘጋበት ቤት ውስጥ ሆኖ አፉን እንደሚያንቀሳቅስ ሰው ናት።

"እማዬ?" አለች ልጃቸው። ቁጣዋ ከድምጿ ውስጥ ሟሟ። "እማዬ፣ አትሰሚያትም?"

እትዬ ጆሮ ፈሩ፤ እንደዚያ ቀን ፈርተው አያውቁም። ከዚያ ሐፍረቱ መጣና ከእግር ጥፍራቸው እስከ ራስ ፀጉራቸው አነደዳቸው። ከዚያ ደግሞ ሐዘኑ፤ ባለፈው በጋ ሰምተዋታል፣ የመጨረሻው መሆኑን ግን ማንም አልነገራቸውም። ቢያውቁ ኖሮ ትንሽ ቆይተው ያዳምጡ ነበር።

"ስንት ናቸው?" አሉ በመጨረሻ።

ልጃቸው ጆሮዋን ጣለች። "ብዙ ናቸው። በየቦታው ነው የሚጮኹት።"

እትዬ ጆሮ ስልካቸውን አወጡና "መርፌ አለች" ብለው ጻፉ። ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር እያሰቡ ሳለ ግሩፑ ቀደማቸው። እልልታ፣ ጭብጨባ፣ የሚስቁ ፊቶች። "እሰይ!" "እንኳን ደስ ያለን!" "እንደ እርስዎ ያለ ጆሮ ይስጠን!" የሰብሳቢው መልእክት ከሁሉም ረዘመ። "ርጭቱ በቆመ ማግሥት ወፏ ተመለሰች። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይምጣ? ዛሬውኑ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ርጭቱ ለዘለቄታው እንዲቀር አደርጋለሁ።"

ልጃቸው በትከሻቸው በኩል አነበበችው። ከንፈሯን ነከሰች።

ዝም ማለት ምን ያህል ቀላል እንደነበር እትዬ ጆሮ ያውቁታል። የጻፉት እውነት ነው፤ መርፌ አለች። ስማቸው እንደተከበረ ይቀራል፣ የሚቀጥለው በጋ ሲመጣም በግምት "መርፌ መጣች" ብለው ይጽፋሉ፣ ማን ይጠይቃቸዋል? የሚከፍለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም እማማ ከማለት በስተቀር የሚያውቀው ነገር የለም።

ለመጻፍ ሞከሩ። ጻፉ፣ አጠፉ፣ ጻፉ፣ አጠፉ። በመጨረሻ ተዉትና የድምፅ መቅጃውን ተጫኑት።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ስሙኝ። መርፌ አልተመለሰችም፣ ምክንያቱም የትም አልሄደችም። በጋውን ሙሉ እዚሁ ነበረች። የጠፋው የእኔ ጆሮ ነው። አሁን አጠገቤ ሆና እየዘፈነች ነው፣ መንቆሯን አያለሁ፣ ድምጿን ግን አልሰማም። አማቼ ላይ የተናገርኩት ሁሉ ሐሰት ነው። የረጨው መድኃኒት አንዲት ላባ አልነካም። ሰብሳቢ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ይህንኑ ይንገሩልኝ፤ ካፈሩ እኔው ራሴ እሄዳለሁ። አደባባዩ ላይ ያለውንም ሥዕል የለጠፈው ሰው ያንሳው። አሁን ዝም ልበል፣ እናንተው ስሟት።"

ስልኩን ወደ ሸምበቆው ዘረጉት። መቼ እንደምትጮህ አያውቁምና ዓይናቸውን ልጃቸው ፊት ላይ ተከሉ። ልጃቸው ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ ዓይኖቿ እንባ ሞልተው ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እትዬ ጆሮ ላኩት።

ግሩፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭጭ አለ። ሁሉም እያዳመጠ መሆን አለበት። ከዚያ አንዲት፣ ድምጿን ብዙም የማታሰማ አባል፣ አንድ ቃል ጻፈች። "ሰማናት።" ሰብሳቢውም "እየሄድኩ ነው፣ እትዬ" አሉ።

እትዬ ጆሮ ስልኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። "ነይ እንሂድ" አሉ። "ዋናው ሰው ገና አልሰማም።"

አማቻቸው ወጥ ቤት ነበር፣ ጎንበስ ብሎ የቧንቧ ማጠፊያ ሲያጠብቅ። እትዬ ጆሮ ደረጃውን ሮጠው ስለወጡ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል፤ ቢሆንም ቁጭ ሳይሉ፣ ውሃ ሳይጠጡ፣ ቆመው ነገሩት። ወፏን፣ ጆሯቸውን፣ ለግሩፑ ያሉትን፣ ሰብሳቢው ማዘጋጃ ቤት መሄዳቸውን። ምንም አላስቀሩም። "አጠፋሁ ልጄ" አሉ። "ይቅር በለኝ። አልሰማ ብዬ ነው።"

እሱ መፍቻውን አስቀመጠና እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ።

"አሁን እኔ የማወራውን ይሰሙኛል፣ እማማ?"

"አንተንማ እሰማሃለሁ። ቀጭን ቀጭኑን ነው እንጂ ያጣሁት።"

"ያን ቀን ራት ላይም ይሰሙኝ ነበር" አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። "ሸምበቆው ውስጥ አልረጨሁም ስልዎት።"

ልጃቸው በሩ ላይ ቆማለች፣ እሷም አላገዘቻቸውም። እትዬ ጆሮ ወንበር ስበው ከፊት ለፊቱ ተቀመጡ፤ ሌላ የሚለው ነገር ካለም እስኪናገር ድረስ ሳይነሱ ጠበቁት።